ባሕር ማዶ ፎቶ ሲያነሱ

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ካሜራ ሲያወጣ ዐይኑ ቀድሞ የሚፈልገው ወታደርና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ልማዱ አይከፋም፤ የጦር ሰፈርና ፍተሻ ኬላ በብዙ አገር አይነሳም። መንገድ ላይ ማንሳት በማይከለከልበት አሜሪካ እንኳ ኤርፖርት የፓስፖርት ሰልፍ ላይ ስልክ ማውጣት ክልክል ነው። ውጭ አገር ጣጣ የሚያመጣው ግን፣ ከሕንፃው ይልቅ አጠገቡ የቆመው ሰው ነው።

1. ሻንጣ ሲያዘጋጁ ድሮንዎን ቤት ይተዉት። ሞሮኮ ይዘው ቢደርሱ ጉምሩክ ያስቀረዋል፤ ግብፅም ያለ ፈቃድ አታሳልፍም።

2. ሰው ከማንሳትዎ በፊት ያስፈቅዱ። ዱባይ ከሆኑ ደግሞ ሁለቴ ያስቡ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2021 (እ.ኤ.አ.) ያወጣችው የሳይበር ወንጀል ሕግ ቁጥር 34 በአንቀጽ 44 ላይ፣ የሰውን ገመና በመድፈር ያለ ፈቃዱ ፎቶ ያነሳ ከ6 ወር በማያንስ እስራት፣ ከ150,000 እስከ 500,000 ድርሃም በሚደርስ መቀጮ ወይም በሁለቱም ይቀጣል ይላል። ቦታው አደባባይ መሆኑ አያድንም። በሰው ቤት ተቀጥራችሁ የምትሠሩ እህቶች በተለይ ልብ በሉ፤ የአሠሪን ሳሎንና ልጆች ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ጨዋታ አይደለም።

3. ከመለጠፍዎ በፊት ፊቶቹን ይዩ። ጀርመን ውስጥ ዛሬም የሚሠራ የ1907 ሕግ አለ። በ1898 ሁለት ፎቶ አንሺዎች የቀድሞው የጀርመን መራሔ መንግሥት የቢስማርክ አስከሬን ካረፈበት ክፍል ሾልከው ገብተው ማንሳታቸው ለሕጉ መነሻ ሆነ። ባለቤቱ ያልፈቀደውን ምስል ማሰራጨት ያስጠይቃል፤ የሕንፃ ፎቶ ውስጥ እንዲያው በአጋጣሚ የገባ አላፊ አግዳሚ ግን ችግር የለውም።

4. የቦታውን ምልክት ያንብቡ። ቫቲካን በሲስቲን ጸሎት ቤት ፎቶ አይፈቀድም። ኪዮቶ፣ ጊዮን ሰፈር፣ በግል መተላለፊያዎች የተሰቀለውን ማስጠንቀቂያ መጣስ 10,000 የን ያስከፍላል። ፓሪስ ላይ የአይፍል ማማን የሌሊት መብራት ለማስታወሻ ቢያነሱ ማንም አይነካዎትም፤ ለንግድ ከሆነ ፈቃድ ይጠየቃል።

5. ጥበቃ ካስቆመዎ ስልኩን ዝቅ አድርገው ያነሱትን ያሳዩ፤ ሰርዝ ካለዎት ይሰርዙ። ክርክሩን እኔ አልመክርም። ነገሩ ወደ እስር ካመራ ግን፣ በቋንቋው ያልገባዎትን ወረቀት አይፈርሙ፤ ለኤምባሲዎ እንዲነገርልዎ ይጠይቁ። ይህን መብት የሚሰጥዎ የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ስምምነት አንቀጽ 36 ነው።