ከብዙኃን በሚሰበሰብ ገንዘብ የሚደረግ መዋጮ፦ ተቀናሽ ወጪ ወይስ ስጦታ?

አንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር በበይነ መረብ ለተከፈተ የገንዘብ ማሰባሰቢያ 100,000 ብር ቢያዋጣ፣ ገንዘቡን ከንግድ ገቢው ላይ በወጪነት ሊቀንስ ይችላልን? የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 እንዲህ ዓይነቱን መዋጮ በስም አይጠቅስም። ስለዚህ መልሱ የሚገኘው ከማሰባሰቢያው ስያሜ ሳይሆን ከፋዩ በምላሹ ካገኘው ነገር ነው።

የአዋጁ አንቀጽ 22 በተቀናሽነት የሚቀበለው የንግድ ገቢን ለማግኘት፣ ለመጠበቅና ለማስቀጠል የግድ አስፈላጊ የሆነን ወጪ ነው። ማኅበሩ በመዋጮው ለሥራው የሚያገለግለውን ዕቃ አስቀድሞ ቢገዛ ወይም ስሙ እንዲተዋወቅለት ውል ቢገባ፣ ክፍያው እንደ ማንኛውም የግዥ ወይም የማስታወቂያ ወጪ ይታያል። አክሲዮን ቢያገኝበት ግን ገንዘቡ የካፒታል ባሕርይ ይይዛል። የሕዳሴ ግድብ ቦንድም በሕዝብ አንደበት «መዋጮ» ይባል እንጂ፣ ገዢው ዋናው ገንዘብ የሚመለስለት አበዳሪ ነው፤ ወጪ አላወጣም።

አስቸጋሪው ምንም ምላሽ የማይገኝበት መዋጮ ነው። አንቀጽ 24 ስጦታን በተቀናሽነት የሚፈቅደው ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት ሲሰጥ፣ ወይም መንግሥት ላወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ጥሪ ምላሽ ሲሆን ነው፤ ያውም ግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ ሳይበልጥ። የማኅበሩ ግብር የሚከፈልበት ገቢ 800,000 ብር ቢሆን ተቀናሹ 80,000 ብር ላይ ይቆማል፤ በ30 በመቶ የድርጅቶች መጣኔ ከግብሩ የሚቀርለት 24,000 ብር ነው። ያው 100,000 ብር ለአንድ ሕመምተኛ ማሳከሚያ በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ቢገባ ግን የሚቀነስ የለም። በዕድርና በመረዳዳት ባህል ላደገ ነጋዴ ይህ ልዩነት እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። ሕጉ የሚመዝነው የተቀባዩን ማንነት እንጂ የችግሩን ክብደት አይደለም።

የተቀባዩ ማንነትም ቢሆን አከራካሪ ነው። የአንቀጽ 24 አገላለጽ የአዋጅ ቁጥር 621/2001 ምድብ ነው፤ ያ አዋጅ «የኢትዮጵያ» ይል የነበረው ከውጭ ምንጭ ከ10 በመቶ ያልበለጠ ገንዘብ የሚጠቀመውን ድርጅት ነበር። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህን ምድብ አስቀርቷል። በጸሐፊው እምነት፣ ከዚያ ወዲህ አገላለጹ በሕግ የተመዘገቡ አገር በቀል ድርጅቶችን ሁሉ እንዲያካትት ሆኖ ሊነበብ ይገባል፤ በቀረ ምድብ ላይ የተመሠረተ ክልከላ ለጋሹን ያለ ጥፋቱ ይቀጣዋል።

የማስረጃው ጉዳይ ከዚህ አይለይም። የባንክ ማስተላለፊያ ወረቀት ገንዘቡ መከፈሉን ያሳያል፤ ተቀባዩ የተመዘገበ ድርጅት መሆኑን ግን አያሳይም። ስለሆነም ለጋሹ ከማሰባሰቢያ መድረኩ ማረጋገጫ በተጨማሪ የድርጅቱን የራሱን ደረሰኝ መያዝ አለበት።