ሞተር ብስክሌትን ማሳመር፦ ከቀለሙ ሥር ያለው ሳይንስ

ጥቂት ዓመታት ያገለገለች አንዲት ሞተር ብስክሌት በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። ቀለሟ በፀሐይ ደብዝዟል፤ ክሮሟ ላይ ቡናማ ነጠብጣቦች ወጥተዋል፤ ከብረት የተሠራው የኋላ ፓራፋንጎዋ በተጫረበት ቦታ ዝጓል። ባለቤቷ አንድ ጣሳ ቀለምና አንድ ብሩሽ ገዝቶ በግማሽ ቀን አዲስ ያስመስላታል። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ግን ያ ቀለም ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ እንደ ቅርፊት ይላጣል። በዚህን ጊዜ "ቀለሙ የማይረባ ነበር" ይባላል። ይሁን እንጂ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የቀለሙ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ገጽ ነው። በዚህ ጽሑፍ ማንም ሰው በእጁ ሊሠራቸው የሚችላቸውን ቀላል የማሳመር ሥራዎች ከነሳይንሳዊ ምክንያታቸው እንመለከታለን።

ዝገት ቀለምን እንዴት ይገለብጣል?

ብረት ከኦክስጅንና ከውኃ ጋር ሲገናኝ ዝገት ይፈጠራል። ዝገቱ ከተበላው ብረት ከሁለት እጥፍ በላይ ቦታ ይይዛል። ስለሆነም በቀለም ሥር የቀረ ዝገት እያደገ ሲሄድ ከላይ ያለውን ልባስ ወደ ውጭ ይገፋዋል። በአሉሚኒየም ላይ የሚፈጠረው ኦክሳይድ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ የታችኛውን ክፍል ሲጠብቅ፣ የብረት ዝገት ግን ቀዳዳ የበዛበትና የሚፈረፈር በመሆኑ ውኃና አየር ወደ ውስጥ እንዲዘልቁ ያደርጋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መቀባት ሳይሆን መፋቅ ነው። የዛገውን ቦታ በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት፣ ለምሳሌ በ180 ቁጥር፣ ንጹሑ ብረት እስኪታይ እንፈገፍጋለን፤ ከዚያም በ400 ቁጥር እናለሰልሳለን። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ወረቀቱ እየላመ ይሄዳል።

ቀጥሎ ገጹን በሳሙና አጥበን አንድ ቀላል ሙከራ እናድርግ። ንጹሕ ውኃ እናፍስበት። ውኃው ሳይቆራረጥ እንደ ስስ መጋረጃ ከተዘረጋ ገጹ ንጹሕ ነው፤ እየተሰበሰበ ነጠብጣብ ከሠራ ግን ቅባት አለ ማለት ነው። ምክንያቱም የውኃ ሞለኪውሎች ወደ ንጹሕ ብረት በኃይል ሲሳቡ፣ ቅባት ባለበት ቦታ ግን እርስ በርሳቸው መያያዝን ይመርጣሉ። ቀለምም ቅባት ባለበት ገጽ ላይ በሚገባ ሊጣበቅ አይችልም። ሙከራው እንዳበቃ ገጹን ወዲያው ማድረቅ ይገባል፤ አዲስ የተፋቀ ብረት ዳግም ለመዛግ ብዙ ጊዜ አይወስድበትምና። ከዚያም ሳይውል ሳያድር አንቲረስት መቀባት ያስፈልጋል።

ስስ ስስ አድርጎ የመቀባት ምሥጢር

ቀለም ቀቢዎች "ሁለት ሦስት ጊዜ ስስ አድርገህ ቀባ" ይላሉ። ይህ ምክር የፊዚክስ መሠረት አለው። በቆመ ገጽ ላይ የተቀባ ቀለምን የመሬት ስበት ወደ ታች ይጎትተዋል፤ የቀለሙ ዝልግልግነት ደግሞ ይይዘዋል። ሂሳቡ ሲሠራ ወደ ታች የሚፈሰው የቀለም መጠን ከውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ይመጣጠናል። ይህም ማለት ልባሱን ሁለት እጥፍ ብናወፍረው የሚፈሰው መጠን ስምንት እጥፍ ይሆናል። በጥድፊያ በተቀባ ፓራፋንጎ ላይ የምናየው እንባ የመሰለ ጠብታ ምንጩ ይህ ነው። በተጨማሪም ወፍራም ልባስ ከላይ ቀድሞ ስለሚደርቅ ከውስጥ ያለው ቲነር መውጫ ያጣል፤ ገጹም ይጨማደዳል።

ክሮምን በአሉሚኒየም ማጽዳት

በሞተር ብስክሌት ላይ የምናየው አብረቅራቂ ክሮም እጅግ ስስ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ አንድ ማይክሮ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከሥሩ ያለው የኒኬል ልባስ ነው ብረቱን በዋናነት የሚጠብቀው። ቡናማ ነጠብጣብ ሲወጣ ብዙዎች የብረት ሽቦ ያነሳሉ፤ ይህን ስስ ልባስ ግን ይጎዳዋል። የተሻለው ዘዴ ምግብ የሚጠቀለልበትን የአሉሚኒየም ፎይል ጨምድዶ፣ ውኃ ነክሮ በቀስታ ማሸት ነው። አሉሚኒየም ከክሮም በጣም ስለሚለሰልስ ልባሱን ሳይጭር የላዩን ዝገት ያነሳል። ዝገቱ ልባሱን ዘልቆ ጉድጓድ ከሠራ ግን ፎይል አያድነውም።

ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

ለጀማሪ ፓራፋንጎ ጥሩ መለማመጃ ነው። የነዳጅ ሰልባትዮ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቤንዚኑ የተቀዳ ሰልባትዮ "ባዶ" ይመስላል እንጂ ባዶ አይደለም፤ በእንፋሎት የተሞላ ነው። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ጋር በመቶኛ ከ1.4 እስከ 7.6 በሚሆን መጠን ሲቀላቀል በአንዲት ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። አፉ ድረስ በተሞላ ሰልባትዮ ውስጥ ለእንፋሎትና ለአየር የሚተርፈው ቦታ ትንሽ በመሆኑ፣ "ባዶው" ከሙሉው የባሰ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም የተጨረመተ ሰልባትዮን በእሳት ማሞቅ፣ መበየድ ወይም ብልጭታ በሚያወጣ መሣሪያ መፋቅ በቤት የሚሞከር ሥራ አይደለም።

ቀለም መርጨትም አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሁን። ተራ የአቧራ ጭምብል የቲነርን ትነት አያስቀርም። ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅለው የሚረጩ አንዳንድ የመኪና ቀለሞች ደግሞ አስም ሊያስከትሉ የሚችሉ አይሶሳያኔት የተባሉ ውሕዶች ስላሉባቸው፣ ተገቢው መከላከያ ላለው ባለሙያ መተው አለባቸው።

ጨርሶ ሊቀቡ የማይገባቸው ገጾችም አሉ። የፍሬን ዲስክ በሰበቃ ይሠራል፤ ማስዋቢያ ቅባት ከነካው ፍሬኑ ይከዳል። መንገዱን የሚረግጠው የጎማ ገጽም እንዲሁ ነው። ብዙ የራስ ቁሮች ከፕላስቲክ ስለሚሠሩ በቀለም ውስጥ ያለው አሟሚ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊፈጥርባቸው ይችላል። እንዲህ ያለው የራስ ቁር ከውጭ ሲታይ ያምራል፤ በአደጋ ጊዜ ግን ሊሰበር ይችላል።

የትኛው ቀለም ያድናል?

በኒውዚላንድ ኦክላንድ ከተማ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2004 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት በዚህ ረገድ አስተማሪ ነው። አንጸባራቂ ወይም ፍሎረሰንት ልብስ የለበሱ አሽከርካሪዎች ለጉዳት የመጋለጥ ዕድላቸው በ37 በመቶ ያነሰ ነበር። ነጭ የራስ ቁር ያደረጉት ደግሞ ጥቁር ካደረጉት በ24 በመቶ ያንስ ነበር። የሞተር ብስክሌቷ የፊት ለፊት ቀለም ግን ከጉዳቱ ጋር ዝምድና አልታየበትም። በእርግጥ ዝምድና ብቻውን መንስኤን አያረጋግጥም፤ ቢሆንም ውጤቱ ማሰብን ይጋብዛል።

ከዚህ በመነሣት ከሁሉ የረከሰውን ማሳመሪያ እንጠቁም፤ እርሱም አንጸባራቂ ፕላስተር ነው። መስታወት ብርሃንን በመጣበት ማዕዘን ልክ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይልከዋል። በአንጸባራቂ ፕላስተር ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የብርጭቆ እንክብሎች ወይም ፕሪዝሞች ግን ብርሃኑን ወደመጣበት ይመልሱታል። በመሆኑም ከኋላ የሚመጣው የመኪና ሾፌር የራሱ መብራት ተመልሶ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ ያያል። በፓራፋንጎው ጫፍና በጎን በኩል የሚለጠፍ አንድ ስንዝር ፕላስተር በጨለማ የማንኛውም ቀለም ውበት የማይሠራውን ሥራ ይሠራል።

እንግዲህ ብሩሽ ከማንሳታችን በፊት ሁለት ጥያቄዎችን እንጠይቅ። ከሥሩ ያለው ገጽ ንጹሕ ነውን? ይህ ገጽ ከማማር ሌላ ሥራ አለውን? ለመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ኩባያ ውኃ መልስ ይሰጠናል። የሁለተኛው መልስ "አዎ" ከሆነ ግን ብሩሹን እናስቀምጥ።