ከነቀርሳ ሕክምና በኋላ ተኝቶ መክረም ይበጃልን?

እዚህ ጅዳ የጡት ነቀርሳ ሕክምናዋን የጨረሰች አንዲት እኅታችንን ልንጠይቅ ሄደን ነበር። አጥሚቱ ቀርቦ፣ ጠያቂው ሁሉ «ተኚ፣ እንዳትነሺ» ይላታል። እኛም የሕክምና ተማሪዎች ተብለን ዝም ብለን ወጣን። ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ ዝምታችን ነው።

ልማዱ ከርኅራኄ የመነጨ ነው። ነገር ግን ጡንቻ ሥራ ሲፈታ ይከሳል፣ ልብና ሳንባም ይዳከማሉ፤ በኬሞቴራፒው ድካም ላይ ይህ ሲጨመር ሕመምተኛዋ ይባሱን መነሣት ያቅታታል። ይህን ድካም ለማቅለል በጥናት ከተረጋገጡት መንገዶች አንዱ እንቅስቃሴ ነው።

በ2025 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነና በአብዛኛው በካናዳና በአውስትራሊያ የተካሄደ ጥናት፣ ቀዶ ጥገናና ኬሞቴራፒ የጨረሱ 889 የትልቁ አንጀት ነቀርሳ ሕሙማንን በሁለት ከፍሎ ተከታትሏል። ለአንደኛው ወገን የጤና ማስተማሪያ ጽሑፍ ብቻ ተሰጠው፤ ሌላው ግን ለ3 ዓመት በባለሙያ እየተረዳ እንቅስቃሴ ሠራ። በ8ኛው ዓመት ከሠሩት ከመቶው 90 ያህሉ፣ ከሌላው ወገን 83 ያህሉ በሕይወት ነበሩ። ቁጥሩን እንዳለ ወደ ጡት ነቀርሳ ማዞር አይቻልም። ቢሆንም «ክንድሽ ያብጣል፣ ዕቃ አታንሺ» የሚለውን ምክር በተመለከተ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት በክትትል ቀስ በቀስ ክብደት ማንሣት እብጠቱን እንደማያባብስ አሳይቷል።

«በሰው ቤት ስትለፋ የኖረች ሴት ደግሞ ምን ስፖርት ያስፈልጋታል?» የሚለን አይጠፋም። ምንጣፍ ማጠብና ደረጃ መመላለስ የሚለካው በአሠሪ ፍላጎት ነው፤ ሲደክማት ልታቆም አትችልም። እኛ የምንለው በራሷ አቅም የሚለካውን ነው፦ በ5 ደቂቃ ጀምሮ፣ ውሎ አድሮ በሳምንት 3 ቀን 30 ደቂቃ፣ እየተነጋገሩ መሄድ በሚቻልበት፣ መዝፈን ግን በሚያቅትበት ፍጥነት መራመድ። ትኩሳት ወይም የደረት ሕመም ያለባት፣ ነቀርሳው ወደ አጥንት የተዛመተባት ግን አስቀድማ ሐኪሟን ትጠይቅ።

ሙቀቱም ቀላል አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. የሐጅ ወቅት በመካ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ አልፎ ከ1,300 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ በጅዳ ኮርኒሽ መራመድ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ዑምራ ለማድረግ ያሰበች ደግሞ፣ በሰፋና በመርዋ መካከል 7 ጊዜ መመላለሱ 3 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን አውቃ አስቀድማ ትለማመድ፤ ጉልበቷ ካልቻለ ተሽከርካሪ ወንበር አለ፣ አያሳፍርም።

እኅታችንን ዓርብ ማታ ሁለት ሆነን ልናንሸራሽራት ቀጠሮ ይዘናል። አጥሚቱን አልከለከልንም።