መብራቱ ስለ ምን ጠፋ

ባሕር ዳር ከተማ በጣና ሐይቅ ዳር በሜዳ ላይ የተሠራች ናት። መንገዶችዋም ዳገት ስለማይበዛባቸው ብዙ ሰዎች በቢስክሌት ይሄዱባቸዋል። በዚህች ከተማ አንድ አስታማሚ ይኖር ነበረ። ቀን በጤና ጣቢያ ቍስል ያጥባል፥ መርፌ ይወጋል፤ ማታም በሽተኛ ካለበት ቤት በተጠራ ጊዜ በአሮጌው ቢስክሌቱ ይሄዳል። ቢስክሌቱም ሁለት መብራት ነበረው፤ አንዱ ነጭ ሆኖ በፊት፥ ሁለተኛው ቀይ ሆኖ በኋላ ይበራ ነበረ። ለሁለቱም ኀይል የሚሰጠው በፊተኛው ጎማ አጠገብ የታሰረ ዲናሞ የሚባል ትንሽ መሣሪያ ነበረ።

ዲናሞ እንዲህ ይሠራል። በራሱ ላይ ትንሽ መንኰራኵር አለችው፤ ይህችም ጎማውን ተደግፋ ጎማው በዞረ ጊዜ አብራ ትዞራለች። በሆዱ ውስጥ ማግኔትና የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አለ። መንኰራኵሯ ማግኔቱን ባዞረችው ጊዜ በሽቦው ውስጥ የኤሌክትሪክ ኀይል ይነሣል። ማግኔት በሽቦ አጠገብ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንዲነሣ ፈትኖ ያሳየው ሚካኤል ፋራዳይ የሚባል የእንግሊዝ ሊቅ ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1831 ዓ.ም. ነበረ። ፋራዳይ የቀጥቃጭ ልጅ ነበረ፤ በወጣትነቱም መጽሐፍ መጠረዝ ተምሮ፥ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበ ዕውቀትን አገኘ። ዛሬ ብዙ ሰዎች በባትሪ የሚበራ መብራት በቢስክሌታቸው ላይ ያስራሉ፤ ዲናሞ ግን ባትሪ አይፈልግም፤ ሰውየው እስከ ነዳ ድረስ ያበራል።

አስታማሚው የእኅቱን ልጅ ያሳድግ ነበረ። ልጁም በትምህርቱ ትጉህ፥ በአነጋገሩ ትሑት ነበረ፤ ነገር ግን ያጠፋውን ነገር መናገር እጅግ ያስፈራው ነበረ። አጎቱም፥ «ልጄ፥ ቢስክሌቱን እጠበው፥ ወልውለው፤ ነገር ግን ቁመትህ እስኪደርስ ድረስ አትንዳው» ብሎ አዝዞት ነበረ።

አንድ እሑድ ቀን ከቀትር በኋላ አጎቱ ተኝቶ ሳለ ልጁ ቢስክሌቱን ቀስ ብሎ አወጣና ነዳው። ጥቂትም እንደ ሄደ ከድንጋይ ጋራ ተጋጭቶ ወደቀ። እርሱ አልተጐዳም፤ ነገር ግን የፊተኛውን ጎማ የሚይዘው ብረት ዲናሞው ከታሰረበት ላይ ተፋቀ፤ ጥቍሩ ቀለም ተልጦ ብረቱ ታየ። ልጁም ደነገጠ። ከጎረቤት አናጢ ጥቂት ጥቍር ቀለም ለምኖ፥ ዲናሞውን ፈትቶ፥ የተፋቀውን ስፍራ ሁለት ጊዜ ደራርቦ ቀባው። ፀሐይ ካደረቀውም በኋላ ዲናሞውን መልሶ አሰረው። የወደቀበት ምልክት ፈጽሞ ጠፋ። ልጁም በልቡ፥ «እንግዲህ ማን ያውቃል?» አለ።

በማግሥቱ ማታ፥ ሁለት ሰዓት ሲሆን፥ አስታማሚው በጽኑ ወደ ታመመ ሕፃን ተጠራ። ዲናሞውን ወደ ጎማው አስጠግቶ ነዳ፤ መብራቱ ግን አልበራም። ስለ ሕፃኑ ፈርቶ ሳይመለስ በጨለማ ሄደ። በመንገድም እንጨት የተሸከመች ባልቴት ትሄድ ነበረች፤ እርሱ አላያትም፥ እርስዋም አላየችውም። ሊደርስባት ጥቂት ሲቀረው ኮቴዋን ሰምቶ ቢስክሌቱን ወደ ጐን መለሰና ከቦይ ውስጥ ወደቀ። ባልቴቲቱ ተረፈች፤ የእርሱ እጅ ግን ቈሰለ፥ የመድኀኒቱም ጠርሙስ ተሰበረ። በእግሩ ተመልሶ ሌላ መድኀኒት ይዞ እስኪደርስ ድረስ ሕፃኑ ብዙ ሰዓት በሥቃይ ቈየ። በእግዚአብሔር ቸርነት ግን ዳነ።

ልጁ ይህን ሁሉ በሰማ ጊዜ ልቡ መታው። ነገር ግን፥ «እኔ ሽቦውን አልነካሁም፤ ቀለምም መብራት አያጠፋም» ብሎ ራሱን አጽናናና ዝም አለ።

በነጋም ጊዜ ሁለቱ ቢስክሌቱን እየገፉ በዋርካ ጥላ ሥር ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ቢስክሌት ጠጋኝ ሄዱ። ሽማግሌውም ከሁሉ አስቀድመው፥ «መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት በቢስክሌቱ ላይ የተደረገ ነገር አለን?» ብለው ጠየቁ። አስታማሚው፥ «ምንም የለም፥ አባባ» አላቸው። ሽማግሌው ወደ ልጁ ተመለከቱ፤ ልጁ ግን ዐይኑን ወደ ምድር አቀረቀረ፥ አልተናገረምም።

ሽማግሌውም፥ «እንግዲያስ በተራ እንፈልጋለን። አንዱን ሳንጨርስ ወደ ሁለተኛው አንሄድም። ሁሉን ባንድ ጊዜ የሚፈታ ሰው ከአንዱ ብልሽት ሁለት ያደርጋል» አሉ።

መጀመሪያ ሁለቱን አምፑሎች አወጡ። «ይህ ዲናሞ 6 ቮልትና 3 ዋት ነው። ከ3ቱ ዋት 2.4 የፊተኛው አምፑል ድርሻ ነው፤ 0.6 የኋለኛው ነው። የፊተኛው በተቃጠለ ጊዜ ኀይሉ ሁሉ በትንሹ ላይ ይወድቃል፤ ትንሹም መሸከም አቅቶት ይቃጠላል። ስለዚህ አንዱ በጠፋ ጊዜ ሌላው ሳይጠፋ ፈጥኖ መለወጥ ይገባል» ብለው ነገሯቸው። ነገር ግን አምፑሎቹን በባትሪ ድንጋይ በሞከሩ ጊዜ ሁለቱም በሩ። «እንግዲህ ጥፋቱ ከአምፑል አይደለም፤ ሁለቱ ባንድነት ከጠፉ ጥፋቱን ሁለቱ በሚጋሩት ነገር ላይ እንፈልግ» አሉ።

ሁለተኛ የዲናሞውን መንኰራኵር ተመለከቱ። «ጎማው በዝናብ በራሰ ጊዜ መንኰራኵሯ ትንሸራተታለች፥ መብራቱም ይደክማል። ዛሬ ግን ጎማው ደረቅ ነው፤ መንኰራኵሯም ደኅና ትዞራለች» አሉ።

ሦስተኛ ዲናሞውን ለብቻው ፈተኑ። ሁለት አጭር ሽቦ ከአንድ አምፑል ጋራ አስረው፥ አንዱን ሽቦ በዲናሞው ጫፍ፥ ሁለተኛውን በዲናሞው አካል ላይ አስነኩና ጎማውን አዞሩ። አምፑሉም በራ። «ዲናሞው ጤነኛ ነው» አሉ።

አራተኛ ከዲናሞው ወደ መብራቶቹ የሚሄደውን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱ። በአንድ ስፍራም ልባሱ ተልጦ አገኙ። አስታማሚው ደስ ብሎት፥ «ተገኘ!» አለ። ሽማግሌው ግን የተላጠውን ስፍራ በናስትሮ ጠቅልለው ጎማውን ባዞሩ ጊዜ መብራቱ አልበራም። «ብልሽት ሁሉ የምንፈልገው ብልሽት አይደለም፤ ስለዚህ አንድ ነገር ባደስን ቍጥር እንፈትናለን» አሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፀሐይ ወደ ቀትር ደረሰች። በጤና ጣቢያውም በሽተኞች አስታማሚውን ይጠብቁት ነበረ። ልጁ ይህን ያውቅ ነበረ፤ ነገር ግን ዝም ባለ መጠን መናገሩ ይብስ ይከብደው ነበረ።

በመጨረሻ ሽማግሌው እንዲህ አሉ፤ «ኤሌክትሪክ የሚሄድበትና የሚመለስበት መንገድ ይፈልጋል። ሄዶ ካልተመለሰ መብራት አይሆንም። ይህ ሽቦ መሄጃው ነው። መመለሻው ግን ራሱ የቢስክሌቱ ብረት ነው፤ ሽቦ ስለሌለው ሰው አያየውም።» ይህን ብለው ረጅም ሽቦ አነሡና አንዱን ጫፍ በዲናሞው አካል፥ ሁለተኛውን ጫፍ በፊተኛው መብራት ብረት ላይ ያዙ፤ ልጁንም፥ «ጎማውን አዙር» አሉት። ባዞረውም ጊዜ ሁለቱ መብራቶች በሩ። ሽማግሌው ሽቦውን አነሡ፤ መብራቶቹም ጠፉ።

«እነሆ፥ የመመለሻው መንገድ ተዘግቷል» ብለው በካቻቢቴ የዲናሞውን ማሠሪያ ፈቱ። ከማሠሪያው ሥር ወፍራም ጥቍር ቀለም ታየ። በጥፍራቸውም ጫር አድርገው፥ «ይህ ቀለም አዲስ ነው። ቀለም ኤሌክትሪክን አያሳልፍም። ይህን ማን ቀባው?» አሉ።

ያን ጊዜ ልጁ አለቀሰ፤ በአጎቱም እግር ላይ ወድቆ፥ «እኔ ነኝ፥ አጎቴ። ትእዛዝዎን አፍርሼ ነዳሁ፥ ወደቅሁም፤ እንዳይታወቅብኝ ብዬ ቀባሁት። ይቅር ይበሉኝ» አለ።

አስታማሚው የታሰረ እጁን ተመለከተና ጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም፥ «ልጄ፥ ብረቱ ተፍቆ ሳለ መብራቱ ይበራ ነበረ፤ ያጠፋው መሸፈኑ ነው። ጠዋት አባባ በጠየቁ ጊዜ ብትናገር ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም በቀረ ነበረ። በሽታውን የደበቀ መድኀኒት አይገኝለትም፤ ይህን እኔ በየቀኑ በሥራዬ አየዋለሁ» አለው።

ሽማግሌው ለልጁ የብርጭቆ ወረቀት ሰጡት። «አንተ የቀባኸውን አንተ ፋቀው፤ ነገር ግን ማሠሪያው የሚነካውን ስፍራ ብቻ ፋቅ፤ የቀረው ቀለም ብረቱን ከዝገት ይጠብቀዋል» አሉት። ልጁም ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ፋቀ። ዲናሞውን አጥብቀው አሰሩ፤ ውኃ እንዳይገባበትም ከላይ ጥቂት ቅባት ቀቡት። ጎማው በዞረ ጊዜ ነጩም ቀዩም መብራት በሩ።

በዚያም ማታ ልጁ ከአጎቱ ጋራ ወደ ባልቴቲቱ ቤትና ወደ ሕፃኑ ወላጆች ሄዶ ይቅርታ ለመነ። ለተሰበረውም ጠርሙስ ዋጋ የዕረፍት ቀኑን ለሽማግሌው ጠጋኝ እየሠራ ከፈለ፤ በዚያም መብራት ማደስን ተማረ። ከዚያም ወዲያ ብልሽት ያለበት ቢስክሌት በመጣ ቍጥር አስቀድሞ፥ «ከመበላሸቱ በፊት ምን ተደረገ?» ብሎ ይጠይቅ ነበረ፤ እንደዚህም ሲጠይቅ እውነቱን የነገረውን ሰው ከቶ አይነቅፍም ነበረ።

የተበላሸ ነገር በትዕግሥትና በተራ ለሚፈልግ ሰው ይገለጣል። ነገር ግን ጥፋቱን ራሱ የሚያውቅ ሰው ዝም ካለ ፈላጊው በከንቱ ይደክማል፥ ያልበደለውም ሰው ይጐዳል። ጥፋትን መናገር ለጥቂት ጊዜ ያሳፍራል፤ መሸፈኑ ግን የራስንም የባልንጀራንም መንገድ ያጨልማል።

ጥያቄ
1. ዲናሞ ኤሌክትሪክን የሚያስነሣው እንዴት ነው?
2. የፊተኛው አምፑል በተቃጠለ ጊዜ የኋለኛው ስለ ምን ይቃጠላል?
3. ሽማግሌው መብራቱን የፈተኑት በምን ተራ ነው?
4. ልጁ የቀባው ቀለም መብራቱን ያጠፋው ስለ ምን ነው?
5. ልጁ ጠዋት እውነቱን ቢናገር ምን ይቀር ነበረ?