የዘይት ቀለም ይዘው ደጅ ከመውጣትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

እንጦጦ ላይ ቆሞ ከተማዋን በዘይት ቀለም መሣል የሚያምረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “ምን ይዤ ልሂድ?” ብሎ ነው። እኔ ግን አንድ ሳንቲም ሳያወጡ “እንዴት እመለሳለሁ?” ብለው እንዲጠይቁ እመክራለሁ። የዘይት ቀለም እንደ ውኃ ቀለም ተንኖ አይደርቅም። ዘይቱ ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠጥረው፤ ቀናት ይፈጅበታል። ስለዚህ ሲመለሱ እርጥብ ሥዕል፣ የቆሸሸ ተርፔንታይንና ዘይት የጠጣ ጨርቅ ይዘው ነው። ለሦስቱም ቦታ ያዘጋጁ።

እርጥቡን ሥዕል በምን ይይዙታል? እኔ ከዓመታት በፊት ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ያልደረቀ ሸራ ይዤ ገብቼ፣ አጠገቤ በተቀመጡ እናት ነጭ ነጠላ ላይ ሰማያዊ ቀለም አሳርፌአለሁ። የዘይት ቀለም ከጥጥ ላይ አይለቅም። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ሁለት እኩል ሰሌዳዎች ይዤ እወጣለሁ። ሠርቼ ስጨርስ በአራቱ ማዕዘን ትንንሽ የቡሽ ቁራጭ አስቀምጥና ሁለቱን ፊት ለፊት ገጥሜ በላስቲክ አስራቸዋለሁ። ቀለም ከቀለም አይነካካም። ቡሹ ያረፈበትን ነጥብ ቤት ገብቶ በብሩሽ ጫፍ ማስተካከል ነው።

ሰሌዳ ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። የተወጠረ ሸራን የተራራ ነፋስ ይዞት ይሄዳል፤ ፀሐይም ከጀርባው እየገባች ቀለሙን ታሳስትዎታለች። ቀጭን ኤምዲኤፍ አናጺ ዘንድ 20 በ25 ሳንቲ ሜትር አስቆርጠው ፊቱን ይቀቡት። እዚህ ላይ ስሙ እንዳያሳስትዎ፤ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር “ጄሶ” ብለው ቢጠይቁ የሚሰጥዎ የግድግዳ ጄሶ ነው። ሠዓሊው ጄሶ የሚለው በአክሪሊክ የተዘጋጀውን የሸራ መሠረት ቀለም ነው። የበር ዘይት ቀለምም እንዲሁ የሠዓሊ ዘይት ቀለም አይደለም።

ቀለም ስንት ይበቃል? አምስት። ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ አልትራማሪን ሰማያዊና ቡናማ። ቶሎ የሚያልቀው ነጩ ስለሆነ ቲታኒየም ነጭን በ200 ሚሊ ሊትር፣ ሌሎቹን በ37 ይግዙ። አረንጓዴ አይግዙ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ከሩቅ ሲያዩት ወደ ግራጫ ያደላል፤ ከቱቦ የወጣ አረንጓዴ ላዩ ላይ እንደ ፕላስቲክ ይጮኻል። ቢጫውን ከሰማያዊው ጋር ይቀላቅሉና የብሩሽ ጫፍ ታህል ቀይ ይጨምሩበት፤ ቅጠሉ ያን ጊዜ ይመጣል።

ማቅጠኛው ተርፔንታይን ይሁን፤ ጥብቅ ክዳን ባለው ትንሽ ዕቃ። ቲነር ለሳንባም ለብሩሽም ክፉ ነው። የተጠቀሙበትን መሬት ላይ አይድፉ። አሳድረው ዝቃጩ ሲወርድ ከላይ የጠራውን ቢቀዱት ደግሞ ያገለግላል።

ቀለም ከውጭ የሚልክልዎ ዘመድ ካለ ተርፔንታይን ሻንጣ ውስጥ እንዳይከት ይንገሩት። በ35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ እሳት የሚይዝ እንፋሎት ስለሚሰጥ በእጅም በሚጫን ሻንጣም ክልክል ነው። የሠዓሊ ቀለም ቱቦዎቹን ግን አየር መንገዱን አስቀድሞ ጠይቆ ማምጣት ይቻላል።

ጊዜውንም ያስቡበት። አደይ የሚፈነዳበት መስከረም ያጓጓል፤ ግን ዝናቡ ገና አልወጣም። ጥላ ከሁለት ሰዓት በላይ ባለበት አይቆይምና ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቢጀምሩ 3 ሰዓት ላይ እጅዎን ያንሱ። ሰሌዳው ትንሽ ይሁን የምለውም ለዚህ ነው። ጃንጥላ ከያዙ ነጭ ወይም ግራጫ ይሁን፤ ቀይ ጃንጥላ ሥዕሉን ሁሉ ያቀላዋል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከሆነ ያስፈቅዱ፤ መታወቂያም አይለይዎ።

ውድ የሥዕል ማቆሚያ መጨረሻ ላይ የሚገዛ ዕቃ ነው። መጀመሪያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሰሌዳውን ጭንዎ ላይ አድርገው አራት አምስት ጊዜ ይሥሩ። ከዚያ በኋላም መውጣት መውጣት ካሰኘዎ ይግዙት።

ጨርቁን መጨረሻ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። የቀለሙ ዘይት ጓዳችን ካለው ተልባ የሚጨመቅ ነው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል፤ ተጨማድዶ የተጣለ ጨርቅ ውስጥ ያ ሙቀት መውጫ ሲያጣ ክብሪት ሳይነካው ይቀጣጠላል። ስለዚህ ምንም ያህል ደክመው ቢገቡ ጨርቁን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውኃ ውስጥ ሳይነክሩ፣ ወይም ውጭ አንድ በአንድ ሳይዘረጉ እንዳይተኙ አደራ።