ቅፍለቱ ኪሳችን ውስጥ ነው

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ውስጥ በጁሙዓ ቀን ቆመው ኹጥባ እያደረጉ ሳለ እህል የጫነ የንግድ ቅፍለት ከሻም ገባ። ሰዉ ወደ ቅፍለቱ ወጣ። ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ከነቢዩ ጋር የቀሩት 12 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሐዲሱ በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል። የሱረቱል ጁሙዓ 11ኛ አያ የወረደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰዎቹን የሳቧቸውን ሁለት ነገሮችም ይጠራል፦ ንግድና መዝናኛ።

የወጡትን አንናቃቸው። የተፍሲር ሊቃውንት በወቅቱ ረሃብና የኑሮ ውድነት እንደነበረ ያወሳሉ። ያ ትውልድ በአንድ ቅፍለት ከተፈተነ የእኛ ፈተና እንዴት ይሆን?

የእኛ ቅፍለት ከሻም መምጣት አያስፈልገውም፤ ኪሳችን ውስጥ ነው። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን እንገባለን፤ ስልኩ ግን አብሮን ሶፍ ውስጥ ይቆማል። የቴሌግራም ትዕዛዙም የቲክቶክ ቪዲዮውም እዚያው አለ፤ ንግድና መዝናኛ በአንድ ስክሪን። ሰውነታችን ኢማሙ ፊት ተቀምጦ ልባችን ወጥቶ ይሄዳል። ያኔ የቀሩት ሰዎች ተቆጠሩ። ዛሬ በመስጂዳችን የቀሩ ልቦች ቢቆጠሩ ስንት ይሆናሉ?

ሌላም ልዩነት አለ። የመዲናው ቅፍለት ጭነቱን አራግፎ ያበቃል። የእኛው ግን እንዳያልቅ ሆኖ ነው የተሠራው። በ2006 አዛ ራስኪን የተባለ ባለሙያ ማለቂያ የሌለው ስክሮል ፈጠረ። ከዚያ በፊት ገጹ ሲያልቅ «ቀጣይ» መጫን ነበረብን፤ ያቺ ትንሽ ፋታ «ይበቃኛል» ለማለት ዕድል ትሰጥ ነበር። ራስኪን ራሱ ኋላ ላይ በአደባባይ ተጸጽቷል። የፌስቡክ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሾን ፓርከርም በ2017 ሲናገር፣ ሲሠሩት የነበራቸው ጥያቄ የሰውን ጊዜና ትኩረት በተቻለ መጠን እንዴት እንውሰድ የሚል እንደነበር አምኗል።

ስለዚህ «ስልኩ ኪሴ ይሁን እንጂ አልከፍተውም» ማለት ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ሸሪዓችን በሩን የሚዘጋው ቀድሞ ነው። ንግድን ተዉ የተባልነው ጥሪው ሲሰማ እንጂ ሶላቱ ሲጀመር አይደለም። በኹጥባ ጊዜ ጓደኛን «ዝም በል» ማለት፣ ጠጠር መነካካት እንኳ ለግው (ከንቱ ተግባር) ተብሏል። ሊቃውንት እንዳብራሩት ሶላቱ ከሰውየው ላይ ይወርድለታል፤ የጁሙዓው ልዩ ምንዳ ግን ያመልጠዋል። ጠጠር እንዲህ ከሆነ ስልክስ?

ይህ ማለት ስልክ ጠላት ነው ማለት አይደለም። ጅዳ ወይም ዱባይ የምትሠራ እህታችን በኢሞ እናቷን የምታገኘው በእሱ ነው፤ ይህ ዝምድናን መቀጠል ነው። የመርካቶ ነጋዴም ደንበኛውን በእሱ ያገኛል። አላህ (ሱ.ወ) በዚያው ሱራ በ10ኛው አያ ከሶላት በኋላ ተበትነን ችሮታውን እንድንፈልግ፣ እሱንም በብዛት እንድናወሳ አዞናል። ዲናችን ንግዱን አልከለከለም፤ ቦታውን አሳየው።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ፦

• ወደ ጁሙዓ ስትሄዱ ስልኩን ቤት ተዉት፤ ካልሆነም ሙሉ በሙሉ አጥፉት። ድምፁን መቀነስ ብቻ አይበቃም፤ ሲርገበገብ ልብ አብሮ ይርገበገባል።
• ሱረቱል ከህፍን ከሙስሐፍ አንብቡ። በስልክ ከሆነ መጀመሪያ ዳታውን ዝጉ።
• ሶላት እንዳበቃ ስልኩን ለመክፈት አትቸኩሉ፤ ዚክራችሁን ጨርሱ።
• ቤት ወይም ሥራ ላይ ያላችሁ እህቶች፣ ከዐስር በኋላ ያለችውን የመጨረሻ ሰዓት ያለ ስልክ ለዱዓ ያዟት። ዱዓ ተቀባይ የምታገኝበትን የጁሙዓ ሰዓት በዚያ እንድንፈልጋት በሐዲስ መጥቷል።

ይህን ኹጥባ ላይ ሆኖ የሚያነብ ካለ አሁኑኑ ይዝጋው። ጽሑፉ በኋላም ይገኛል፤ ኹጥባው ግን አይመለስም።

አላህ ቅፍለቱ ሲመጣ ከሚቀሩት ያድርገን። አሚን።