ዋልተር ካምፕ፦ አሰልጣኙ ጸሐፊ

የትኛው እግር ኳስ?

እዚህ የምናወራው ኳሱን በእጅ ይዘው ስለሚሮጡበት የአሜሪካ እግር ኳስ ነው። ከራግቢ የወጣው ይህ ጨዋታ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዋናነት የኮሌጆች ነበር። መልክ ካስያዙት ሰዎች ቀዳሚው የየል ዩኒቨርሲቲው ዋልተር ካምፕ (1859–1925) ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕጉ

በ1881 የልና ፕሪንስተን ሲገናኙ አንዱ ቡድን የመጀመሪያውን አጋማሽ፣ ሌላው ሁለተኛውን ኳሱን ይዞ ጨረሰው፤ ያለ ነጥብ ተለያዩ። የያዘውን ቡድን ኳሱን እንዲለቅ የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም። ካምፕ በ1882 መላ አመጣ፦ በሦስት ሙከራ 5 ያርድ፣ ማለትም አራት ሜትር ተኩል ገደማ፣ ወደፊት ያልገፋ ቡድን ኳሱን ያስረክብ። የዛሬው የአራት ሙከራና የ10 ያርድ ሕግ ከዚሁ የመጣ ነው።

አሰልጣኙና አሊስ

ካምፕ በ1888 የየል ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ቀን ቀን በሰዓት ፋብሪካ ስለሚሠራ ልምምዱን ማየት አይችልም ነበር። በዚያው ዓመት ያገባት አሊስ ሰምነር ሜዳው ዳር ቆማ ተጫዋቾቹን ትከታተል፣ ያየችውን ትጽፍ፣ ማታም ትነግረው ነበር። ቡድኑ 13 ጨዋታ አድርጎ ሁሉንም አሸነፈ፤ 698 ነጥብ ሲያስቆጥር አንድም አልተቆጠረበትም። ይህ ውጤት ሲነሳ የአሊስም ስም አብሮ ሊነሳ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ግን ይዘለላል።

ብዕሩ

ካምፕ 30 የሚጠጉ መጻሕፍትና ከ250 በላይ ጽሑፎች ጽፏል። ሜዳ ረግጦ ለማያውቅ አንባቢ አሰላለፉንና ስልቱን አስረድቷል፤ ከድሎቹ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። ከ1898 እስከ 1924 በኮሊየርስ መጽሔት ላይ የዓመቱን ምርጥ 11 ሲመርጥ፣ ሬዲዮ ገና ባልተስፋፋበት ዘመን ብዙ አንባቢ ኮከቦቹን ያወቀው በእሱ ዝርዝር ነው።

ግን ልብ በሉ። ከኮሊየርስ በፊት፣ በ1889 በወጣው የመጀመሪያው ዝርዝር 11ዱም ከሃርቫርድ፣ ከየልና ከፕሪንስተን ብቻ ነበሩ፤ የምዕራቡ ኮሌጆች ለረጅም ጊዜ ተረስተዋል። ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ፦ ሕጉን የሚያወጣውም ስለ ሕጉ የሚጽፈውም አንድ ሰው ነበር። የተጫዋቾች ጉዳትና ሞት ቁጣ ሲቀሰቅስ፣ በ1894 ባሳተመው መጽሐፍ የቀድሞ ተጫዋቾችን ምስክርነት ሰብስቦ ለጨዋታው ተከራከረ። በ1905 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የየልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ወደ ዋይት ሐውስ ሲጠሩ ካምፕም አብሮ ሄደ። በቀጣዩ ዓመት እሱ የገፋበት የ10 ያርድ ሕግ ጸደቀ፤ ያልወደደው ኳስን ወደፊት በእጅ የመወርወር ሕግም አብሮ ገባ። ጨዋታውን ከሁሉ በላይ የለወጠው ይህ ሁለተኛው ነው።